መረሬ ላይ የቆመ ግቢ፦ የክረምት ጎርፍ፣ ንቦችና የአገር አበቦች በምሥራቅ አዲስ አበባ

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ መገናኛን የሚያጥለቀልቀው ውሃ እዚያው ከሰማይ የወረደው ብቻ አይደለም። ከየካ ተራራ ግርጌ ጀምሮ በየመንደሩ ካለው ጣሪያ፣ በታይል ከተለበጠው ግቢ፣ ከአስፋልቱና ከመኪና ማቆሚያው ተጠራርቶ የመጣ ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ የሚሻገር ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በተደፈነው የመንገድ ቦይ ላይ ነው። ቦዩ መደፈኑ እውነት ነው፤ ፕላስቲኩም የግንባታ ጠጠሩም ሞልቶበታል። ነገር ግን ቦዩ ተጠርጎ ቢያድር እንኳ ያ ሁሉ ውሃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ላይ እንዲደርስበት ያደረግነው እኛ ነን፤ እያንዳንዳችን፣ በየግቢያችን።

ሒሳቡ አይከብድም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት ከ110,000 ሊትር በላይ ይቀበላል ማለት ነው። አንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያው ብቻውን 3,000 ሊትር ያወርዳል፤ 200 ካሬ ሜትሩ ቦታ በሙሉ በቤትና በሲሚንቶ ከተሸፈነ ደግሞ 6,000። መቶ እንዲህ ያሉ ግቢዎች ያሉበት ሰፈር በአንድ ከሰዓት 600,000 ሊትር ወደ መንገድ ይለቃል። ያ ውሃ ወደ ቦሌ ወንዞች፣ ከዚያ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ በመጨረሻም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ሰው የቧንቧ ውሃ ፈረቃው ደርሶ ሮቶውን ለመሙላት ሌሊት ይነሣል።

ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ አያትና ሰሚት ቤት ከመሞላታቸው በፊት በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ እንደነበሩ ብዙ አንባቢ በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ክረምት ሲወጣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆን ነበር። ያ ሜዳ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራ እንደነበር ግን ብዙም አልተነገረም፤ ዝናቡን አቁሮ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ ንቡንም ይመግባል። ሜዳው ሲጠፋ ሁለቱም ሥራ አብሮ ጠፋ። ስለ ጎርፍ የሚጨነቀው መሐንዲስና ስለ ንብ የሚጨነቀው የግብርና ባለሙያ ዛሬ በተለያየ መሥሪያ ቤት የተቀመጡ ይሁኑ እንጂ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ያልተከደነ አፈር።

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። በዓለም ላይ ካሉት የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ እንደ ማር ንብ በቀፎ ተሰብስበው የሚኖሩ አይደሉም፤ እያንዳንዷ ሴት ንብ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ለብቻዋ እንቁላሏን የምትጥል ናት። በመንጋ ከሚኖሩትም ቢሆን የእኛዋ ጣዝማ ቤቷን የምትሠራው መሬት ውስጥ ነው። መናደፊያ የሌላት፣ ከማር ንብ እጅግ የምታንስ ይህች ንብ በደጋው የምትታወቀው ሰው ለመድኃኒት በሚፈልገው ማሯ ነው፤ ያንንም የምናገኘው ጎጆዋን ቆፍረን አፍርሰን ነው። ታይል በለበጠው ግቢ ውስጥ ጣዝማም ሆነች ብቸኛዋ የአፈር ንብ አበባ ብታገኝ እንኳ ቤት አታገኝም። ውሃ የማይገባበት መሬት ለንብም በሩን ዘግቷል።

የቲማቲምና የደበርጃን ነገር ይህን ይበልጥ ያሳያል። የነዚህ አበቦች ዱቄት በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚቀመጥ ንቧ አበባውን ጨብጣ በክንፏ ጡንቻ ስታንቀጠቅጠው ነው በደንብ የሚራገፈው። የማር ንብ ይህን አታደርግም። በአውሮፓና በአሜሪካ ሥራውን የሚሠሩት ባምብል ቢ የሚባሉ ጸጉራም ንቦች ናቸው፤ ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ግን እነሱ የሏትም። በእኛ ዘንድ ይህን የሚያደርጉት በደረቅ እንጨት ውስጥ ቀዳዳ በስቶ የሚኖረው ትልቁ ጥቁር ንብና መሰሎቹ ናቸው። በጓሮው ቲማቲም የተከለ ሰው ፍሬው ሲያንስበት ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት እነዚህ ንቦች የሚያርፉበት የደረቀ ግንድና ጥግ ላይ ያልተነካ አፈር እንዳለው ይመልከት።

የግቢን ዝናብ በአበባ መደብ የመያዝ ሐሳብ ዛሬ ባለው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ በተባለው አውራጃ ነው። አዲስ በሚሠራ መንደር ውስጥ ትልቅ የጎርፍ ኩሬ ከመቆፈር ይልቅ ለየቤቱ ጎድጎድ ያለ መደብ ተሠርቶ የጣሪያው ውሃ ወደዚያ እንዲገባ ተደረገ። የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 ነዋሪዎቿ የአሸንዳቸውን ቱቦ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ነቅለው ወደ ግቢያቸው አፈር እንዲያዞሩ አድርጋለች። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ኮንግጂያን ዩ የተባለው የመልክዓ ምድር ባለሙያ ለዓመታት ሲሟገትለት የኖረውን ውሃ መጣጭ ከተማ የመገንባት ሐሳብ የመንግሥት ፕሮግራም አድርጋዋለች። ሦስቱም ጠቃሚ ትምህርት ናቸው፤ ሦስቱንም ግን እንዳሉ አምጥቶ ቦሌ ላይ መትከል ስህተት ይመስለኛል። ምክንያቱ አፈሩ ነው።

በውጭ ከተጻፉት መመሪያዎች ብዙዎቹ በአንድ ፈተና ይጀምራሉ፤ ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃ ሙላ፣ ውሃው በአንድ ቀን ውስጥ ከሰረገ ቦታው ጥሩ ነው። በየካ ዳገት ያለው ቀይ አፈር ይህን ፈተና ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ከመገናኛ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ አያልፍም። መረሬ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በዚያ ስንጥቅ እየገባ ስለሚጠፋ አፈሩ ውሃ የሚጠጣ ይመስላል። ሲርስ ግን ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ከላይ ይተኛል። ግንበኛው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ መሠረት ሲያወጣ ጥቁሩን አፈር አስጠርጎ ሰሌክት የሚያስሞላው፣ ያን ያላደረገው አጥር ደግሞ በየዓመቱ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። በዚህ አፈር ላይ፣ ያውም ከግድግዳ አጠገብ፣ ጎድጓዳ መደብ ቆፍሮ የጣሪያን ውሃ ማጠራቀም በገዛ እጅ መሠረትን ማናጋት ነው።

መረሬን እንዴት እንደሚይዙት የሚያውቁ ሰዎች ግን አሉን። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ መረሬውን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል የሚቀረው ቦይ ትርፉን ውሃ ያወጣል። ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው ጉርድ ሾላ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመውና ኋላ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ውስጥ የተጠቃለለው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በ1980ዎቹ ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ይህንኑ የገበሬ ዘዴ መነሻ አድርጎ ሠርቶበታል። ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ አዘጋጀ፤ መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40። ዓላማው ገበሬው ክረምቱ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ በጊዜ እንዲዘራ ነበር።

ለቦሌ ግቢ የሚበጀው መልክ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የእርሻው ቦይ ውሃውን ቶሎ ለማውጣት የታሰበ ስለሆነ ለግቢ ሲሆን አንድ ነገር መለወጥ አለበት። ቦዩ ተዳፋት እንዳይበዛበት አድርጎ፣ በየጥቂት ሜትሩ ድንጋይ እየጣሉና ሰርዶ እያስያዙ ውሃውን ማዘግየት ያስፈልጋል። የአሸንዳው ቱቦ ሲወርድ በቀጥታ ወደ በር እንዳይሄድ ወደ ቦዩ ራስ ይዞራል፤ ውሃው በአበባ መደቦቹ መካከል ግቢውን ዞሮ የተረፈው ብቻ ወደ መንገድ ቦይ ይወጣል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ ሦስት ሜትር፣ ቢቻል ከዚያ በላይ መራቅ አለበት፤ ወደ ጎረቤት አጥርም መጠጋት የለበትም፣ የውሃ ጠብ ጎረቤትን ስንት ጊዜ ከሸንጎ እንዳደረሰ ይታወቃል። ግንበኛ የተወውን ቀይ አሽ ከቦዩ ሥር ማንጠፍ ደግሞ ውሃው ጭቃ ሳያቦካ እንዲያልፍ ይረዳል። የመጸዳጃም ሆነ የኩሽና ፍሳሽ ወደዚህ ቦይ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ይህ ሁሉ የት ድረስ ይጠቅማል? 12 ካሬ ሜትር ቦይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢይዝ 1,800 ሊትር ነው፤ ከላይ ካየነው የ3,000 ሊትር ጣሪያ ውሃ ከግማሽ በላይ። በበልግና በሰኔ አፈሩ ገና ስላልጠገበ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ነሐሴ ላይ መረሬው ጠግቦ ሲያብጥ ግን ቦዩ ውሃውን ከማዘግየት በቀር አያስቀርም፤ ማዘግየቱም ቢሆን ለመንገዱ ትርጉም አለው። ለዚህ ነው ሮቶው ከአበባው ጋር አብሮ የሚታሰበው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይሞላል፤ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለመጸዳጃ እየተቀዳ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። በነሐሴ ትልቅ ዝናብ ላይ ግን ግቢዎች ብቻቸውን መንደርን ከጎርፍ ያድናሉ የሚል ካለ ተስፋውን አብዝቶታል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ በከተማዋ ሰው የቀጠፈው ዓይነት ጎርፍ የወንዝ ዳር ቤቶችንና የዋና ቦዮችን ጥያቄ ያነሣል፤ ያ የከተማው ሥራ ነው።

ወደ ተክሎቹ ስንመጣ አገራችን በእውቀት ድሃ አይደለችም። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጾች ታትሟል፤ 6,000 ገደማ ዕፅዋትን ይዘረዝራል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም አይበቅልም። ራይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ደግሞ የትኛው አበባ ወለላ፣ የትኛው ዱቄት እንደሚሰጥና መቼ እንደሚያብብ ያሳያል። የአዘነ በቀለ ተሰማ የዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍም አለ። የጎደለው ይህ እውቀት ከመጽሐፍ ወደ መንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ መውረዱ ነው። እዚያ በብዛት ተደርድሮ የሚታየው ዘንባባ፣ ዱራንታና ቡገንቪሊያ ነው። ዱራንታ ሳይከረከም ቢተው አበባ አለው፤ እኛ ግን በየሳምንቱ እየላጨን አበባ አናስወጣውም። የድርብ ጽጌረዳም ነገር እንዲሁ ነው፤ የአበባው ቅጠል ሲበዛ ለንብ የሚሆነው ክፍል ይቀንሳል። ከውጭ የመጣ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለንብ ትልቅ ግጦሽ ነው፤ የጥብስ ቅጠልም ሲያብብ ንብ አይጠፋበትም። ይሁንና ባሕር ዛፍ በግቢ ውስጥ የሚተከል ነገር አይደለም።

ለመረሬ ግቢ ከሁሉ የሚቀድመው በእኔ ምርጫ አደይ አበባ ነው። መስፍን ታደሰ የተባሉት የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የአደይን ዘመዶች ለይተው አሳይተዋል፤ በመስከረም ሜዳውን የሚያለብሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ የሚሞተው ነው። የዕድሜው ልክ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል። በሰኔ ዝናብ ይበቅላል፣ ክረምቱን ሙሉ ሥሩን ሰድዶ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡ ሲቆም ያብባል፤ ያኔ ንቦቹ ከክረምቱ ረኀብ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ለዘመን መለወጫ በየአደባባዩ በእቅፍ የሚሸጠው አደይ ግን ዘር ሳይጥል የተነቀለ ነው። አደይ የሚፈልግ ሰው እርጥቡን እቅፍ ሳይሆን ኅዳር ላይ የደረቀውን ራስ ይልቀም፤ ዘሩን በወረቀት አድርጎ በደረቅ ቦታ አስቀምጦ በሰኔ መጀመሪያ መደቡ ላይ ይበትነው፣ ብዙ አፈር አያልብሰው። መደቡ አንዴ ከያዘ በየዓመቱ በራሱ ይዘራል፤ የባለቤቱ ሥራ ሰኔ ላይ ቡቃያውን ከአረም ለይቶ አለመንቀል ብቻ ነው።

ቦዩ ዳር፣ ውሃ በሚተኛበት፣ ማገጥ ይመቸዋል። ኢትዮጵያ ከሃያ በላይ የማገጥ ዝርያዎች አሏት፤ ውሃ በሚቋጥር መረሬ ላይ የሚበቅሉ ስለሆኑ ጉርድ ሾላ ያለው ማዕከል ለከብት መኖነታቸው ሰብስቦ አጥንቷቸዋል። አጭር ነው፣ ምንጣፍ ሆኖ ይሸፍናል፣ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል፣ አበባው የንብ ነው። በካሬ ሜትር እየተለካ ከሚገዛው ሣር ይልቅ ይህን መሞከር የሚገባ ይመስለኛል። ጥላ ባለበት እርጥብ ጥግ እንሶስላ ይቆማል፤ ትልቁ ነጭ አበባው ይበቃል፣ ሥሩን ደግሞ ሴቶች እጅና እግራቸውን ለማስጌጥ ያውቁታል። ቀጤማ ከቦዩ መውጫ ላይ ቢሆን ጭቃውን ያጠልላል፤ ለቡናውም ከግቢ ይታጨዳል።

ከፍ ባለው መደብ ላይ የሚተከሉትን ግን ማንም አዲስ ሊያስተምረን አይገባም፤ እናቶቻችን በጓሯቸው ሲተክሏቸው ኖረዋል። ቅቤ የሚነጠርበት ኮሰረት፣ ለምች የሚጨመቀው ዳማከሴ፣ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ፣ ለሻይ የሚሆነው ጦስኝ ሁሉም የአገር ተክሎች ናቸው፣ ሁሉም ንብ ይጎበኛቸዋል። ጦስኝ የደረቅ ተዳፋት ተክል ነውና እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም የለበትም፤ ከመደቡ ጫፍ፣ ድንጋይ በበዛበት ይቀመጥ። ችግሩ እነዚህን ተክሎች ለማብሰያ እየቀጠፍን እንዲያብቡ አለመፍቀዳችን ነው። ከአምስቱ የዳማከሴ እግር ሁለቱን ሳይቆርጡ መተው ንቡን ለመጥራት ይበቃል። ራስ ክምር ከጀርባ ቢቆም ብርቱካናማ አበባው ረጅም ምንቃር ያላቸውን ወለላ ቀሳሚ ትንንሽ ወፎች ያመጣል። በአጥሩ ላይ ደግሞ ነጭ አበባው የሚሸተው ተምበለልና ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛ ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ አሉ። ቀጋና አጋም ተጠላልፈው ሲያድጉ አጥር ናቸው፤ ሽቦ አያስፈልጋቸውም።

ስለ ዛፍ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ትልቅ ዛፍ በበጋ ከመረሬው ውሃ ስለሚመጥ አፈሩን ይበልጥ ያኮማትረዋል፤ ከቤት አጠገብ ከሆነ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ዋንዛና ብሳና ለንብ የታወቁ ናቸው፣ ግን 200 ካሬ ሜትር ላይ የሚተከሉ አይደሉም። የእነሱ ቦታ የካ ሚካኤልን የመሰለ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ትምህርት ቤትና ወንዝ ዳር ነው።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች በጣም የሚከብደው የትንኝ ነገር ነው፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ የብዙ ሰው ሥጋት አልነበረም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ ዝርያ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የምትችል ናት፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ስለዚህ ክዳን የሌለው ሮቶና በርሜል ከየትኛውም የአበባ ቦይ የከፋ አደጋ ነው። ክዳኑ ይገጠም፣ መግቢያና መውጫው በወንፊት ይሸፈን። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል፤ ቦዩ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከደረቀ ምንም አትፈለፍልበትም። ከሁለት ቀን በላይ ውሃ የሚተኛበት ቦይ ካለ ተዳፋቱ ይስተካከል። ትንኝን ፈርቶ አበባው ላይ መድኃኒት መርጨት ግን ንቡን መግደል ነው።

ከተማው ራሱ በዚህ ጥያቄ ላይ የያዘው አቋም መልካም መሠረት አለው። መዋቅራዊ ፕላኑ ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ችግኝ መትከልን የቤተሰብ ልማድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት መገናኛን አቋርጦ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አዲስ የውሃ መውረጃ ሠርቷል። ሥራው ትልቅ ነው፤ የተተከለው ግን በአብዛኛው ዘንባባና የተላጨ ሣር በመሆኑ ንብ የምታርፍበት ጥቂት ነው። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው የጋራ ተቋም፣ ከ700 ሄክታር በላይ መሬትና የአገር ተክሎች አሉት። የመንገድ ዳር ተክል ጨረታ ሲወጣ ግማሹ የአገር ተክል ይሁን የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ችግኝ አፍዪዎች በዓመቱ ኮሰረትና ራስ ክምር ማፍላት ይጀምራሉ፤ ገበያ ያለበትን ማንም አይተወውም።

ግቢ የሌለው ሰውስ? በአያት፣ በሰሚትና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ሰፊው ጣሪያና ሰፊው የጋራ መሬትም ያለው እዚያ ነው። የአንድ ብሎክ ጣሪያ ውሃ በቱቦ ወርዶ ሲሚንቶ ላይ ይፈስሳል፣ ታች ያለውን ቤት ያርሳል፣ ኮሚቴውም በየዓመቱ ገንዘብ እየሰበሰበ ሲሚንቶ ይጨምርበታል። በዚያው ገንዘብ ከሕንፃው ራቅ ብሎ አንድ ረድፍ መደብና ቦይ ማውጣት ይቻላል። መኪና ማቆሚያው ኮብልስቶን ከሆነ በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ ይቆይ፤ ሲሚንቶ ከተሞላበት ውሃ የሚያሳልፈው ድንጋይ እንደ አስፋልት ይሆናል። የነዋሪዎች ማኅበር ይህን ግንቦት ላይ ተሰብስቦ ከወሰነ ሰኔ ለመትከል ይደርሳል። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ በቀለም ባልዲ ዳማከሴና ኮሰረት ተክሎ በረንዳው ላይ ያኑር፤ ቤት ሲቀይርም ይዞት ይሄዳል።